ለሻሸመኔዋ እህቴ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ወገባቸው ተሻላቸው? ዝምታዬን አታንሺብኝ፤ አንቺም አልደወልሽም፣ ስለዚህ ተቻችለናል። አዲሱን ቁጥርሽን ከወንድምሽ ተቀብያለሁ። መደወል እችል ነበር። ግን ስንደዋወል መጀመሪያ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። የምነግርሽ ደግሞ ረዘም ይላል። መጨረሻው ላይም የምለምንሽ ነገር አለ። (አውቅሻለሁ፣ ዓይንሽ ወደ ታች ሮጧል። ተመለሺ።)

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው። ሰሞኑን ትንሽ ዘንቦልን ቡናው አብቧል፣ ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይገባል። ትዝ ካላለሽ ይበለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በሴሚስተሩ እረፍት ልጁን ይዘን ላንጋኖ ሄደን ነበር። አዎ፣ እኔ! እዚሁ ጅማ ቦዬ ኩሬ ዳር ጫማዬን አላወልቅም ብዬ ያደረቅኩሽ ሴትዮ። እዚህ ውሃ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ጉማሬ ነው፤ ልጄም በዚሁ ነው ያደገው። አባቱ ግን «ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን፣ ልጁ ዋና ይልመድ» ብሎ ድርቅ አለ። መንገዱን ልዝለልልሽ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፈን ስንደርስ ልጁ ሲያስመልሰው ውሎ አመድ መስሏል።

ውሃውን ሲያይ ጭራሽ አለቀሰ። ላንጋኖን ታውቂዋለሽ፣ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። «ቆሻሻ ነው፣ አልገባም!» አፈሩ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም፣ ቢልሃርዚያም የለበትም ይባላል፣ ሰው ሁሉ የሚዋኘው እዚህ ነው ብንለው ማን ሰምቶን። አሸዋው ላይ ተቀምጦ ስልክ መነካካት ጀመረ። ብራችንን እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ልጆቹ የመጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሆቴሉ አጥር ማዶ ፍየሎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ። አህያ ላይ ቢጫ ጀሪካን የጫኑም ነበሩ። ትልቋ አስር፣ አስራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ ውሃው ውስጥ ቆማ ልጄን አየችው። አየችውና ለምን እንደማይገባ በኦሮምኛ ጠየቀችው። እሱ ደግሞ፣ የሰፈራችን ልጅ አይደል፣ በኦሮምኛ መለሰላት። ደንግጣ ጓደኞቿን ጠራች። ከዚያ በኋላ እኛን ማን ያየናል!

እንዴት እንዳስተማረችው ልንገርሽ። ባዶ ጀሪካን አመጣች። ክዳኑን በጥርሷም በእጇም አጥብቃ ዘጋችው። ደረቱ ስር ወሸቀችለትና «እግርህን ብቻ ምታ» አለችው። እሷ ውሃው እስከ ብብቷ ደርሶ ከጎኑ ትሄዳለች። አንድ እጇ ሆዱ ስር ነው፣ በሌላው ፍየሎቿ ላይ ጠጠር ትወረውራለች። ልጄ እንደ ሽማግሌ ፊቱን አኮሳትሮ ይመታል። እንዲህ ሲሉ አንዷ ፍየል ብስኩቱን ከነፌስታሉ ጀመረችው። አየ። ጮኸ። ጀሪካኑን ለቆ እየተንቦጫረቀ ዳር ደረሰ። መዋኘቱን እንኳ አላወቀም፤ ጠቡ ከፍየሏ ጋር ነው። አባቱ በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን፣ ለማንም አትንገሪ፣ አለቀስኩ።

የሆቴሉ ጥበቃ ዱላውን ይዞ ሲመጣ ልጆቹ ተበተኑ። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ብቻ ከዚያ ወዲያ እኛ ነን ከአጥሩ የወጣነው። ቁርሳችንን በልተን ግራሩ ስር እንወርዳለን፣ ጦጣዎቹ የሚተውልንን እየበላን እዚያው እንውላለን። እናቷ በቅል ወተት ላከችልን፣ ጭሱ ጭሱ የሚል። እቤት ወተት ያለ ስኳር የማይነካው ልጄ ጨለጠው። ቅሏን ባዶዋን አልመለስኩም፣ ስኳር ሞልቼ ሰደድኩ።

አንድ ቀን ደግሞ ልጅቷን ከታናሿ ጋር አስፈቅደን ፍላሚንጎ ለማየት አብያታ ሐይቅ ሄድን። ወፎቹ ሩቅ ናቸው። ከእኛ እስከ ውሃው ያለው ነጭ ሜዳ ብቻ ነው። አባቷ ልጅ ሳለ ይሄ ሁሉ ውሃ እንደነበር ነገረችን። ባለቤቴ አስተማሪነቱ ተነሳበት፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እንደሚጠለፍ፣ የሶዳ አሹ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ ሲስብ እንደኖረ ያስረዳት ጀመር። ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ «የኛስ? ላንጋኖም እንዲህ ይሸሻል?» አለችው። የላንጋኖ ውሃም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል እዚያው አብያታ እንደሚወርድ እሷ ከእሱ በላይ ታውቃለች። አስተማሪው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ወፎቹ ማውራት ጀመረ።

እንዲህ ያለች ልጅ ናት። ስንመለስ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቅኳት። «አራተኛ ነበርኩ» አለችኝ። ነበርኩ! እናቷ አራስ ናት፣ ፍየሎቹን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም። ይህን ስትለኝ ፍየል እየቆጠረች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

እንዴት ልበልሽ... ከተመለስን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣችም። ባሌ «ስንቱን ትችያለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ደግሞ አንቺ አርሲ ነገሌ ስታስተምሪ የነገርሽኝ ትዝ ይለኛል። ከመኪና መስኮት እስክሪብቶ የሚወረውሩትን፣ ልጆቹ ክፍል ትተው አስፋልት ላይ የሚሮጡትን። ስንት ጊዜ አብረን አማናቸው! አሁን እኔም ከእነሱ አንዷ እንዳልሆን እፈራለሁ። ጥቂት ቀን ሐይቅ ዳር ተንጋልላ የሰው ልጅ ላሳድግ የምትል። ብር ብልክ እናቷ ምን ትላለች? ከፋኝ ትላለች? ወይስ የኔ ልክ ያልሆነ ኩራት ነው? አንቺ አካባቢውን ታውቂዋለሽ፣ እኔ አላውቀውም።

እና ልመናዬ ይሄ ነው። አንድ ቅዳሜ ሂጂልኝ። እናቷ ጋ ተቀመጪ፣ አራስ ጠይቂ፣ ወሬ አውሪ። የኔን ነገር ቶሎ አታንሺ። ችግሩ ፍየሎቹ ብቻ ከሆኑ፣ ለአንድ እረኛ የሚከፈለውን እኔ እከፍላለሁ፣ በአንቺ እጅ፣ ከአንቺ የመጣ ይምሰል። ሌላ ነገር ካለ ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጪ» በይኝ። ከአንቺ ሲሆን አልቀየምም። እቀየማለሁ፣ ግን ያልፋል።

ዕቃ ልኬልሻለሁ። ፎቶዎቹን አሳጥቤያቸዋለሁ፣ የልጅቷ ስምና የቤታቸው ምልክት ከአንዱ ጀርባ አለ። ለእናቷ ከሂርማታ ገበያ የገዛሁት ቡና አለ፣ ለአንቺም ለብቻው፣ እንዳትቀላቅዪው። ልጄ ለፍየሏ ብስኩት ካልላክሁ ብሎ አስቸግሮኝ አንድ ፓኮ ጨምሬያለሁ። ጫማም አለበት፤ አዎ፣ ጫማ፣ አትቆጪኝ። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት፣ ከጠበባት ለታናሿ ይሆናል። ሾፌሩ አርብ ማታ መናኸሪያ ይደርሳል። ስልክሽን እንደ ልማድሽ እንዳታጠፊ!

ያቺው የጅማዋ