ካሳው ግድግዳውን እንጂ ደንበኛውን አይቆጥርም

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ከተማ ባቡርና ስለ ፈጣን አውቶቡስ መስመሮች የምታወጧቸውን ዘገባዎች ሳላነብ አላልፍም። የመስመሩን ርዝመት፣ የጣቢያዎቹን ብዛት፣ ሥራው የሚያልቅበትን ጊዜ በደንብ ትነግሩናላችሁ። መስመሩ በሚያልፍበት ጎዳና ስለሚኖሩትና ስለሚነግዱት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው «ለተነሺዎች ካሳ ተከፍሏል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ለማን ተከፈለ? ለየትኛው ጉዳት? አብዛኛው ካሳ የሚሰላው በይዞታውና በቤቱ ነው። ተከራይቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ጠጋኝ ወይም ፀጉር አስተካካይ ካርታ የለውም። ሀብቱ በየቀኑ በደጁ የሚያልፈው ሰው ነው። ይህን ሀብት ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። ገማቹ መጥቶ ግድግዳ ይለካል፣ ጣሪያ ይቆጥራል፣ ይሄዳል። ከተማው ዳር ተለዋጭ ሱቅ ቢሰጠው እንኳ ደንበኛው አብሮት አይሄድም።

በሕንድ ሙምባይ ከተማ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በዓለም ባንክ ብድር በተሠራው የከተማ ትራንስፖርት ፕሮጀክት ወደ 120,000 የሚጠጋ ሰው ከቦታው ተነሥቷል። ባለሱቆች እ.ኤ.አ. በ2004 የተጎጂዎችን አቤቱታ ለሚመረምረው የባንኩ የቁጥጥር ፓነል አቤቱታ አቀረቡ። ፓነሉ መርምሮ የነጋዴዎቹ ጉዳይ በቂ ትኩረት እንዳላገኘ አረጋገጠ። በ2006 ባንኩ ለመንገዱና ለሰፈራው ሥራ የሚለቀውን ገንዘብ ለጊዜው አቆመ። ቤት የተሰጣቸው ነዋሪዎችም ቢሆኑ ችግራቸው አላለቀም። ፎቅ ላይ ሲኖሩ የአሳንሰርና የውኃ ወጪ አለ። ሥራቸው ደግሞ የቀረው ድሮ ሰፈር ነው።

ያልተነሡትስ? እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያሳስበኝ የእነሱ ጉዳይ ነው። ሱቃቸው አልፈረሰም፤ ስለዚህ መዝገብ ላይ «ተጎጂ» ተብለው አይሰፍሩም። ግን ከደጃቸው ፊት አጥር ቆሟል። አቧራው ዕቃውን ያበላሻል። መኪና ማቆሚያ የለም፣ እግረኛውም በሌላ መንገድ ይዞራል። ገቢው ይወርዳል፣ ኪራዩ ግን አይወርድም። ትልቅ ድርጅት ሌላ ቅርንጫፍ አለው፤ ባንክም ያበድረዋል። የትንሹ ሱቅ ባለቤት መጠባበቂያው ሁለት ሦስት ወር ቢያቆየው ነው። ግንባታው ደግሞ በተባለለት ጊዜ ሲያልቅ ብዙም አይታይም።

በካናዳዋ ቫንኩቨር «ካናዳ ላይን» የተባለው ባቡር ሲሠራ በካምቢ ጎዳና ያሉ ነጋዴዎች ዋሻው ከሥር ይቆፈራል ብለው ጠብቀው ነበር። በኋላ መንገዱ ከላይ ተከፍቶ እንዲቆፈር ተወሰነ። አንዲት የልብስ ሱቅ ባለቤት ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍርድ ቤቱ 600,000 የካናዳ ዶላር ፈረደላት። በ2011 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ሥራው በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ጉዳቱም የማይቀር ነበር በሚል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጉዳቱ የማይቀር መሆኑ ከታወቀ፣ ከመጀመሪያው በበጀት ያልተያዘበት ምክንያት አይገባኝም። ወጪው አልጠፋም፤ ከፕሮጀክቱ ኪስ ወደ ባለሱቆች ኪስ ዞረ እንጂ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ታይቷል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የጥቁሮች ሰፈር የነበረው ሮንዶ ለአውራ ጎዳና ሲባል ፈርሷል። ስለዚህ ቀላል ባቡር በአቅራቢያው ሲታቀድ ነዋሪው ዝም አላለም። በ2011 አንድ የፌዴራል ዳኛ የፕሮጀክቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት በግንባታው ወቅት የሚጠፋውን የንግድ ገቢ በቂ አድርጎ አላየም ብለው ወሰኑ። ለትናንሽ ንግዶች እስከ 20,000 ዶላር ብድር ተመቻቸ፤ ባለቤቱ እዚያው መሥራቱን ከቀጠለ ዕዳው የሚሰረዝለት። ገንዘቡ ሁሉንም ያዳነ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ግን ቁፋሮው ራሱ ጉዳት ተብሎ መቆጠሩ ነው።

ከዚያ መስመሩ ሥራ ይጀምራል። ጎዳናው ይደምቃል፣ ተሳፋሪ ይጎርፋል። ያኔ ኪራይ ይወደዳል። አቧራውን ችሎ የቆየው ነጋዴ ገበያው ሊመጣለት ሲል ውሉ አይታደስለትም፣ ቦታውን አቅም ያለው ይይዘዋል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ከተነሡት መካከል መመለስ ለሚፈልጉ ከጣቢያዎቹ አጠገብ ከሚሠሩት ሱቆች የተወሰኑት በቀድሞ ኪራያቸው ልክ ሊያዙላቸው ይገባል። ቃሉም በውል ላይ ይስፈር፣ በስብሰባ ላይ የተነገረ ተስፋ ሆኖ እንዳይቀር።

ባቡርም አውቶቡስም ይሠራ ባይ ነኝ። መኪና የሌለው ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበት እሱ ነውና። ከናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ አዲስ መስመር በምትዘግቡበት ጊዜ ኃላፊዎቹን እነዚህን ጠይቁልን፦ ተከራዮች ተቆጥረዋል ወይ? በቁፋሮው ወቅት ለሚጠፋ ገቢ ስንት ተይዟል? ግንባታው ከዘገየ ለነጋዴው ማን ይከፍላል? መልስ ካላገኛችሁም አለማግኘታችሁን ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ