ለእማዬ፣ ስለ ዘንድሮው አክፋይ

ሐዋሳ፣ ሆሳዕና እሁድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሁን በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይማ ካንቺ ጋር ማውራት አይቻልም። «ደህና ነኝ፣ ካርድሽ ይቆጠራል፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ትዪና ትዘጊዋለሽ። አዲስ ነገር ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ገና ነው። ከሰርጉ ወዲህ አብዛኛው ጊዜ ጾም እንደነበረ አትርሺ።

ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ልጅ አዳማ የሚሠራ የባለቤቴ ጓደኛ ነው። ሻይ አፍይለት። ደብዳቤውን ግን መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለወንድሜ አታስነብቢ። እሱ ሲያነብ ያልጣመውን መስመር ይዘላል።

ከሰርጉ እስከ ቅበላ ድረስ ምድጃችን እሳት አላየም ብልሽ ይቀለኛል። ሙሽሮች ተብለን ከቤት ቤት ስንጠራ ነው የከረምነው። የሚዜዎቹ ቤት ክትፎ፣ የመሥሪያ ቤት ልጆች ጋ ጥብስ፣ የባለቤቴ አጎቶች ዘንድ ደግሞ ዋሳና ወተት። ዋሳ የሚሉት እኛ ቆጮ የምንለውን ነው። አንዱ ቤት ጠግበን ወጥተን ሌላው ቤት «ምነው አልቀመሳችሁም» እንባላለን። ጉርሻ እምቢ አይባል። የመልሱ ቀሚሴ አሁን ወገቤ ላይ አይዘጋም። አዲሱን ድስት ያሟሸሁት ጾም ከገባ በኋላ ነው፣ ያውም በሽሮ።

ጾሙን በአንድ ቤት ሁለት ማዕድ ሆነን ነው ያሳለፍነው። ባለቤቴ ሑዳዴን እንደማይጾም ታውቂያለሽ። በሽማግሌው ሰሞን የተባለውን ሁሉ እዚህ አላነሳውም። እኔ ሽሮዬን እበላለሁ፣ እሱ ከአሞራ ገደል አሳ ገዝቶ ይመጣል። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ጎረቤቶቼ ይጨርሱት። እኔ አልበላሁም። ሽታው ግን ምራቄን አስውጦኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ መጣ። ዘንድሮ ጾም ውስጥ ገባ። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው የሚቆርጡት፣ ስለዚህ እንደ ጥምቀት በየዓመቱ እዚያው ቀን ላይ አይውልም። ትዝ ይልሻል? በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፊቼ ጨምበላላን ሲመዘግበው በቴሌቪዥን አይተሽ ደወልሽልኝና «ያንቺ አገር ሰዎች እኮ ታዩ» አልሽኝ። ያንቺ አገር! አዳማ የማን አገር እንደሆነ ሳልጠይቅሽ ስልኩ ተዘጋ። አሁን ደግሞ የባሌ ቤት በዓል ሆነ፣ ስለዚህ ነገርሽ እውነት ወጣ።

አማቴ ቤት ነው የዋልነው። የሰፈሩ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከበር በር ይዞራሉ። በገቡበት ሁሉ ቡርሳሜ ይሰጣቸዋል። ዋሳውን በቅቤ አርሰው፣ ሻፌታ በሚሉት የሸክላ ዕቃ ያቀርቡታል። ቅቤው እስከ ክርናቸው ይወርዳል። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ ብዬ ስጨነቅ፣ አማቴ ለብቻዬ ያለ ቅቤ የተሠራ ዋሳና ጎመን አስቀምጠውልኛል። ሳልነግራቸው። አንቺ «እዚያ ቤት ሃይማኖትሽን ማን ያከብርልሻል» ያልሽኝን ያኔ አሰብኩት።

ከምሳ በኋላ አማቴ የበዓሉን አመጣጥ ነገሩኝ። ድሮ አንዲት የሲዳማ ሴት ነበረች አሉ። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ሠርታ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። ጎረቤቱም ተሰብስቦ አብሮ ይበላል። ፊቼ የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ የፋሲካውን ለማን ልትወስጂ ነው?» አሉኝ። ቤቱ ዝም አለ። እኔም ጎመኔን በላሁ።

የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ስኳርሽ።

ቅዳሴ ላይ አዙሮሽ ሰው ደግፎ እንዳወጣሽ ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበይ። መድኃኒቱን ጠዋት በባዶ ሆድ ትውጪና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆሚያለሽ። እማዬ፣ ስኳር ሲወርድ ጊዜ አይሰጥም። ላብ ሲያጠምቅሽ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይንሽ ብዥ ሲል ጸሎቱ ይለቅና ብለሽ አትጠብቂ። ቦርሳሽ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ለልጅ ልጆችሽ የምትይዢውን አይደለም፣ የራስሽን። ሐኪምሽም መጾምሽን ይወቀው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው።

አክፍሎቱን ደግሞ ተይው። ከስቅለት እስከ ፋሲካ ሌሊት ውሃ እንኳን ሳትቀምሺ እንደምትቆዪ አውቃለሁ። ዘንድሮ አታክፍይ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ላይ አትጨክንም። እሳቸውን ለመጠየቅ ካፈርሽ እኔ እደውልላቸዋለሁ። አባዬም ምንም አልሆንኩም እያለ ነው የሄደው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ወደ አክፋዩ።

ባለቤቴ ወጉን ከጓደኞቹ ሰምቷል። አማች በመጀመሪያው ፋሲካ አክፋይ ይዞ ይሄዳል ተብሎ ተነግሮት በግ ሲያማርጥ ሰንብቷል። የበግ ዋጋ አትጠይቂኝ። እኔም ድፎ የምደፋበትን ኮባ ለጎረቤት ተናግሬያለሁ። «አዳማ ነው አይደል የምንሄደው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ያደግኩበት፣ እቴቴ ቤት ነው።

አትቆጪ። እስከ መጨረሻው አንብቢ።

የመልሱ ዕለት ዳቦው ሊቆረስ ሲል ማይክ ተሰጠሽ። ካባው አምሮብሻል፣ እሱን አልክድም። «አባቷ ከሞተ ጀምሮ ከጉያዬ ሳላወጣ በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ናት» አልሽ። እልል ተባለ። ቪዲዮው ላይ አለ። ካሜራው ወደ እኔ ሲዞር ፈገግ ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሙሽራ ነኝ።

እቴቴ ያኔ የት ነበረች? ግቢው የእሷ፣ ድንኳኑ የተተከለው በእሷ አትክልት ላይ፣ እሷ ግን ጓሮ ድስት ላይ ነበረች። ከዋዜማው ጀምሮ አልተኛችም። ስፒከሩ ጓሮ ድረስ ያስተጋባል። ሰምታለች። ያንቺን ጉልበት ስሜ ስነሳ የእሷንም ልስም ብዬ ወደ ጓሮ ስሄድ ቬሎዬን የያዘችው ሚዜ «ፎቶ እየጠበቁ ነው» ብላ ጎተተችኝ። እቴቴም ማማሰያውን ሳትለቅ «ሂጂ፣ ወጡ ይይዝብኛል» አለችኝ። ፊቷን አላዞረችም። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ሽንኩርቱ ከተቁላላ ቆይቷል።

ለምን ላክሽኝ ብዬሽ አላውቅም። አሁንም አልልም። አባዬ ሞቶ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ሁለት ልጅ ማብላት እንደከበደሽ አውቃለሁ። ይህንን የነገረችኝም እቴቴ ናት። አንድ ቀን ክፉ አውርታሽ አታውቅም። መናኸሪያው ላይ «ሴት ልጅ የትም ትለምዳለች» ብለሽ ለሹፌሩ ስትነግሪው ሰምቻለሁ። ወንድሜ እጅሽን ይዞ ቆሞ ነበር። እሱንም ተቀብዬዋለሁ። ለመድኩ። የላክሽኝን ልጅ እንዳልላክሽ አድርገሽ በማይክ ስትናገሪ ነው ያቃጠለኝ።

የእንቁጣጣሽ ቀሚሶቹን ታስታውሻለሽ? በየዓመቱ ትልኪልኝ ነበር። በየዓመቱ ይጠበኝ ነበር። አንቺ የምትገዢው መናኸሪያ ላይ ለተለየሻት ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ አድጌያለሁ። እቴቴ ጠርዙን ፈትታ፣ ከጎኑ ሌላ ጨርቅ ቀጥላ፣ «እናትሽ የላከችልሽን ነው የምትለብሺው» ብላ ታለብሰኝ ነበር። የራሷን አዲስ ቀሚስ ለበዓል ማግስት ነው የምታወጣልኝ።

ዶሮ መገነጣጠል ያስተማረችኝም እሷ ናት። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድም ሳላበላሽ እስካወጣ ድረስ እጄን እየመታች። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ እስኪበስል ድረስ ዘይትም ውሃም ጠብ አታስደርግም። ዘንድሮ የፋሲካውን ዶሮ የምሠራው እንደ እሷ ነው። ያንቺን ወጥ ሰው ሁሉ ሲያወራለት እሰማለሁ። እኔ በዓል ሆኖ አዳማ የበላሁት ስንቴ ነው? ለዚህ መልስ አልፈልግም።

የትምህርት ቤት ክፍያዬን አንድ ወር አላሳለፍሽም። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሁሉም ይደርስ ነበር። አልረሳሁም። ለዚያ አመሰግንሻለሁ፣ ከልቤ ነው።

እና እንዲህ ይሁን። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ እኛው ቤት እንፈስካለን። ባለቤቴም እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ሊጠብቀኝ ቃል ገብቷል፣ ሶፋው ላይ እንደሚያሸልብ ግን አውቃለሁ። ጠዋት በጉንና ድፎውን ይዘን እቴቴ ቤት። እዚያ አማቴም ይመጣሉ፣ የባለቤቴ አጎቶችም፣ ሚዜዎቹም። ከቅርጫው አንድ መደብ ይደርሰናል፣ እሱንም እዚያው እናውለዋለን። አንቺም እንድትኖሪ እፈልጋለሁ። አክፋዩ ሲገባ ከበሩ ውስጥ ሆነሽ አብረሻት እንድትቀበይን።

አልደብቅሽም፣ ትመጫለሽ ብዬ ስጽፍ እጄ ይፈራል። ካልመጣሽ ሌላ ፋሲካ አለ ማለት አልችልም፣ ቅዳሴ ላይ ያዞረሽን ከሰማሁ ወዲህ እንደዚያ ማሰብ አቅቶኛል።

እቴቴን ይቅርታ ጠይቂያት አልልሽም። እሷም አትፈልገውም፣ ታፍራለች። አጠገቧ ተቀመጪ። ዳቦው ሲቆረስ ምርቃቱን ለእሷ ተዪላት። ሰው ማን አሳደጋት ብሎ ካነሳ ዝም በይ። ዝምታ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ በዚህ እኔም አንቺን ነው የወጣሁት።

ሐሙስ ጠዋት ተነሺ። ከአዳማ በቀጥታ ሐዋሳ የሚገባውን መኪና ያዢ፣ ሻሸመኔ አውርዶ የሚያንገላታውን አትሳፈሪ። ከፊት ወንበር ይሁን፣ እግርሽ ያብጣል። ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ። መቂ ላይ ሲቆም ውሃ ጠጪ። መድኃኒትሽን ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ይጭኑታል። የስኳር መለኪያውንም አትርሺ። መናኸሪያ ባለቤቴ ይጠብቅሻል፣ ባጃጅ ፍለጋ እንዳትወጪ። ጉልባኑን እኔ ቀቅዬ እጠብቅሻለሁ። የምትተኚው አልጋችን ላይ ነው፣ ተከራክረሽ አታሸንፊኝም።

ቅቤ ተሸክመሽ እንዳትመጪ፣ እዚህ ሞልቷል። በርበሬ ግን ትንሽ ያዢልኝ፣ የኔ አልቋል።

ካልሆነልሽ ለዳግማይ ትንሣኤ እኛ እንመጣለን። ድፎ ለብቻ እደፋልሻለሁ። ከእቴቴ በኋላ ነው የሚደርስሽ፣ ይህንን ከእኔ እንድትሰሚው ነው የጻፍኩት።

ወንድሜንና ልጆቹን ሳሚልኝ። እሱም ከመጣ ደስ ይለኛል፣ አልጋ ግን የለንም፣ ፍራሽ ነው። ረቡዕ ማታ እደውላለሁ። በጉን ሐሙስ ነው የምንገዛው፣ ስንት ሰው እንደምንሆን ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ።

ልጅሽ