የተቃጠለው ቆርቆሮ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ጦርነት ሥዕሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ዓድዋ ላይ ቆመ። በድሮው አሣሣል የእኛ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ጠላት ደግሞ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ። ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ የለም።

የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ ውጊያውን ትተው የተረፈውን ነው የሚይዙት። እ.ኤ.አ. በ1945 የተወለደው ጀርመናዊ ሠዓሊ አንሰልም ኪፈር ሸራው ላይ ጭድ፣ አመድና እርሳስ ይለጥፋል። (እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም፣ ብረቱን ነው።) አገሩ ለማውራት ያፈረችበትን የናዚ ዘመን በእጅ የሚዳሰስ አደረገው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አጣዬ በ2013 ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። የሰፈራችን አንድ ወጣት ሠዓሊ ከዚያ ወገን ያመጣውን የተቃጠለ ቆርቆሮ አሳየኝ። ቀለም የሚባል አልነካውም። በሚስማሩ ቀዳዳዎች ዙሪያ ዝገቱ ቀልቷል። ከታች ጥግ ላይ ብቻ አንገቷ የተሰበረ ጀበና በከሰል ስሏል። ሰው የለበትም። እናቴ አይታ «ይሄ ደግሞ ምኑ ሥዕል ነው?» አለች። ትንሽ ቆየችና «የማን ቤት ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

እስቲ እንዲህ ያሉትንም ጎብኙልን። ቆርቆሮው አሁንም ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ክረምቱ ሳይገባ ኑ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን