የፍርድ ቤት መዝገብ ስናጣራ

ሞግዚት ከመቅጠር ወይም ቤት ከማከራየት በፊት የፍርድ ቤት መዝገብ ይታይ የሚለውን ጽሑፋችሁን እደግፋለሁ። ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ የፍርድ ቤቶቹ «ኬዝ ሰርች» የተባለው የመዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጽ በነጻ ይታያል፤ ስም ማስገባት ይበቃል። ስጋቴም ይኸው ነው። እኛ የምንጠራው በአባት ስም ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በራሳቸውም በአባታቸውም ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ሞልተዋል። በአንዱ ክስ ሌላው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ደግሞ መከሰስ ጥፋተኛ መባል አይደለም። ውድቅ የተደረገ ክስም ከመዝገቡ እስኪሰረዝ ድረስ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ስም ያገኘ ሰው መዝገቡን ከፍቶ የክሱን ውጤት እስከ መጨረሻው ያንብብ። አድራሻውን ያመሳክር። ከዚያ «ይሄ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ሰውየውን ራሱን ይጠይቅ። እናንተም ይህንን አካሄድ በቀላል አማርኛ አዘጋጅታችሁ አውጡልን።