ኬክ ኬክን አይሸከምም

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? መቼም ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ስለ ሥራዬና ስለ ልጆቹ የጠየቅሽኝን ሁሉ በሚቀጥለው እመልስልሻለሁ። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ስለ ኬኩ ብቻ ነው፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና።

የታናሽ እህትሽን የሠርግ ኬክ ራስሽ ልትሠሪ መነሳትሽ ልቤን ነክቶታል። ባለ ሦስት ደርብ ይሁን ማለትሽም አላስደነገጠኝም። እጅሽን አውቀዋለሁ። ጣዕሙም ጌጡም አያቅትሽም። እኔን የሚያሳስበኝ አቋሙ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ባለ ደርብ ኬክ ውስጥ ኬክ ኬክን አይሸከምም። የላይኛው ደርብ የራሱ ቦርድ፣ ማለትም ከሥሩ የሚሆን ጠንካራ ሰሌዳ፣ ላይ ይቀመጣል። ቦርዱ ደግሞ ታችኛው ኬክ ውስጥ በተተከሉ ዘንጎች ላይ ያርፋል። ዘንጎቹ ኬኩን አልፈው የታችኛውን ቦርድ ረግጠው ይቆማሉ። ክብደቱ በእነሱ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስፖንጁ፣ ማለትም ለስላሳው ኬክ ራሱ፣ በመሃላቸው ይቀመጣል እንጂ ምንም ሸክም የለበትም። ጣሪያ የሚያርፈው ምሰሶው ላይ እንጂ ልስኑ ላይ አይደለም።

የድሮ የሠርግ ኬክ ፎቶዎችን አይተሽ እንዳትታለዪ። እዚያ ላይ ምሰሶዎቹ በቀጥታ ከኬኩ ሽፋን ላይ ቆመው ታያለሽ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልዛቤት ሁለተኛዋ ገና ልዕልት ሳለች በ1947 እ.ኤ.አ. ስታገባ የቀረበላት ኬክ 4 ደርብ ነበረው። ቁመቱ 2.7 ሜትር፣ ክብደቱ 225 ኪሎ ገደማ ነበር። የዚያ ዘመን ኬክ ግን በደረቅ ፍራፍሬ የታጨቀ፣ ጥብቅ ያለ ኬክ ነው። ላዩ የሚለበጠው በሮያል አይሲንግ ነው። ይህ ከእንቁላል ነጭና ከዱቄት ስኳር የሚሠራ ሽፋን ሲደርቅ በጣም ይጠነክራል፤ ምሰሶ ቢቆምበትም ይችላል። አንቺ የምትሠሪው ለስላሳ ስፖንጅና በተር ክሬም (በቅቤና በስኳር የሚመታው ክሬም) እንዲህ ያለ አቅም የለውም። ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ የሚለበጠውን ስኳር፣ ብትለብጪበትም ለውጥ የለውም፤ ፎንዳንት ልብስ ነው፣ አጥንት አይሆንም።

መጠኑን በተመለከተ 15፣ 20 እና 25 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ሦስት ደርቦች ጥሩ ናቸው። የእያንዳንዱ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በተለመደው የሠርግ አቆራረጥ፣ ማለትም 2.5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ በቅደም ተከተል ወደ 12፣ 24 እና 38 ሰው ያዳርሳሉ። እንግዶቹ ከዚያ ከበዙ አራተኛ ደርብ አትጨምሪ። ያንኑ ዓይነት ኬክ በጠፍጣፋ ትሪ ጋግረሽ ወጥ ቤት አስቀምጪና ተቆርጦ ይቅረብ። እንግዳው ልዩነቱን አያውቀውም፤ አንቺም ሌሊት እንቅልፍ ታገኛለሽ።

እያንዳንዱን ደርብ ስትደራርቢ ስፖንጆቹን ከላይ ቆርጠሽ አስተካክያቸው። ማርማላታ ወይም ሌላ የሚፈስ ነገር የምትሞዪ ከሆነ መጀመሪያ ዳር ዳሩን በጠንካራ በተር ክሬም ክበቢው፤ ያ ክብ ግድብ ነው። ግድቡ ከሌለ ክብደቱ ማርማላታውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ የኬኩም ወገብ ያብጣል። ከዚያ ሸፍነሽ አሳድሪው። አዲስ የተደራረበ ኬክ በራሱ ክብደት ትንሽ ይሰምጣል። ይህ ከጌጡ በፊት ቢያልቅ ይሻላል፤ ከጌጡ በኋላ ከሆነ ሽፋኑን ያጨማድደዋል።

አሁን ወደ ዘንጎቹ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ለምግብ የሚሆን፣ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ዘንግ ወይም ለኬክ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ዘንግ ውሰጂ። ለትንንሽ ደርቦች ወፍራሙ ስትሮም ይሠራል። በመቀስ ይቆረጣል፣ ባዶ ስለሆነም ኬኩን ወደ ጎን አይገፋም። ቀጭኑን የለስላሳ ስትሮ ግን አትንኪው፤ ይታጠፋል።

ከላይ የሚቀመጠውን ደርብ የሚያህል ፎርማ (የኬክ መጋገሪያ) ወስደሽ ታችኛው ኬክ ላይ በቀስታ ምልክት አድርጊ። ዘንጎቹ ሁሉ ከዚያ ክብ ውስጥ፣ ከመስመሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው ይተከሉ። ባለ 15ቱን ለመሸከም 4፣ ባለ 20ውን ለመሸከም 6 ይበቃሉ። ለጥንቃቄ ብለሽ አታብዢ፤ ዘንግ ሲበዛ ኬኩን ይሰነጥቀዋል። መሃሉንም ክፍት ተይው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ርዝመቱ ነው ዋናው ጉዳይ። ኬኩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጊ። አንዱን ዘንግ እዚያ ቦርዱ እስኪነካ ድረስ አስገቢና ከኬኩ ላይ እኩል የሚሆንበትን ምልክት አድርጊ። አውጥተሽ ቁረጪው። ሌሎቹንም በሙሉ በእሱ ልክ ቁረጪ። እያንዳንዱን በቆመበት ቦታ ለየብቻ አትለኪ! ኬኩ አንድ ጎኑ ትንሽ ዝቅ ካለ ዘንጎቹም አብረው ዝቅ ይላሉ፣ የላይኛው ደርብም ወደዚያው ያዘነብላል። ሁሉም እኩል ከሆኑ ግን ኬኩ ቢወላገድም ቦርዱ ቀጥ ይላል። በመሃል የሚቀረውን ክፍተት በክሬም ትደፍኚዋለሽ። ጫፋቸውም ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ሰያፍ የተቆረጠ ስትሮ ሸክም ሲያርፍበት ከጫፉ ይጨማደዳል። እንጨቱን በመጋዝ ቆርጠሽ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሽው። ስትጨርሺ አንድ ባዶ ቦርድ አስቀምጪበትና ውኃ ልክ አሳርፊበት። እኔ ውኃ ልክ ሳልይዝ ደርብ አላነሳም።

እነዚህ ዘንጎች ክብደትን ይሸከማሉ እንጂ መንሸራተትን አይከለክሉም። መኪና ፍሬን ሲይዝ የላይኛው ደርብ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው መሃሉን ክፍት ተይው ያልኩሽ። አንድ ጫፉ የተቀረጸ ረጅም ዘንግ ከላይ ተነስቶ ሦስቱንም ደርብ አልፎ የታችኛው ወፍራም ቦርድ ላይ ይደርሳል። የመካከለኛውንና የላይኛውን ቦርድ መሃል አስቀድመሽ ብሺው። ቦርዱ ወፍራም ካርቶን ከሆነ ዘንጉን በመዶሻ መትቶ ማሳለፍም ይቻላል፤ ጠንካራ ቦርድ ሳይበሳ ከተመታ ግን ዘንጉ ሳይሆን ኬኩ ነው የሚጎዳው። ለመሠረት ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኬክ ቦርድ ወይም በምግብ ወረቀት የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ይሁን። ሲያነሱት የሚለመጥ መሠረት ላይ የክሬሙ ሽፋን ይሰነጠቃል።

ደርቦቹን የምታነባብሪው ከፍሪጅ ወጥተው ቀዝቃዛ ሳሉ ነው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ጣትሽ ቢነካው እንኳ ምልክት አይቀርበትም። ቦታው ሞቃት ከሆነ ከበተር ክሬም ይልቅ ጋናሽ፣ ማለትም የቸኮሌትና የክሬም ድብልቅ፣ እመርጣለሁ። በክብደት ሁለት እጅ ጥቁር ቸኮሌት ለአንድ እጅ ክሬም፣ ነጭ ቸኮሌት ከሆነ ደግሞ ሦስት ለአንድ። ሲረጋ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። ፎንዳንት ከፍሪጅ ሲወጣ ላብ ቢያወጣ አትደንግጪ፣ አትጥረጊውም። ራሱ ይደርቃል።

ማጓጓዙን አጠር ላድርገው። መኪና ወንበር ላይ አታስቀምጪ፤ ወንበር ተዳፋት ነው። ከኋላ ጠፍጣፋው ወለል ላይ፣ ሥሩ የማያንሸራትት ጎማ አንጥፈሽ አስቀምጪው። መንገዱ መጥፎ ከሆነ ደርቦቹን ለየብቻ ወስደሽ እዚያው አነባብሪ። ያለ ምንም ማመንታት የምመክርሽ ይህንኑ ነው። ትርፍ ክሬም፣ ስፓቱላ፣ መቀስና ጥቂት ዘንግ አብረሽ ያዢ። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ፣ ፀሐይም እንዳያገኘው ቀድመሽ ሂጂና እዪው።

ሙሽራዋ አበባ ይኑርበት ብላለች አልሽ። ቆንጆ ነው። ግን የሚመርዝ አበባ እንዳለ አትርሺ፤ ሀይድራንጂያና ኦሊያንደር ኬክ አጠገብ አይደርሱም። የማይመርዝም ቢሆን ግንዱ በቀጥታ ኬኩ ውስጥ አይሰካ። ስትሮ ውስጥ አስገብተሽ ስኪው።

ደግሞ ኬኩን የሚቆርጠው ሰው ስለ ዘንጎቹ ይወቅ። ረጅሙ ዘንግ በመጀመሪያ በፒንሳ ይውጣ፤ ከዚያ ደርቦቹ ከላይ ጀምረው ይውረዱ። ስንት ዘንግ እንደተከልሽ ጽፈሽ ስጪው፣ ቆጥሮ ያውጣቸው። አንድም ስትሮ በእንግዳ ሳህን ላይ መገኘት የለበትም።

ፎርማዎቹን ከመግዛትሽ በፊት የክሬሙን ዓይነት ጻፊልኝ። የአዳራሹን ሙቀትም ጠይቂና ንገሪኝ። ቦርዶቹን እኔ ቆርጬና በስቼ ልልክልሽ እችላለሁ፤ ልካቸውን ካወቅሁ ቀላል ነው። ሙሽራዋን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ።

ያንቺዋ