ሆስፒታል ሲደበደብ መርማሪው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጦርነትና በወረርሽኝ መካከል ስለሚያገለግሉ ሐኪሞች በጋዜጦቻችን የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ጀግንነታቸውን የሚያወሱ ናቸው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ ከካናዳዊቷ ዶክተር ጆአን ሊዩ የሥራ ዘመን እኔ የማስቀድመው ሌላውን ገጽ ነው።

ዶክተር ሊዩ የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በሞሪታኒያ የማሊ ስደተኞችን በማከም በድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሥራ ጀምረው ከ2013 እስከ 2019 ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በድንገተኛ ክፍል የምንሠራ ሁሉ እንደምናውቀው፣ ትሪያጅ (ሕሙማንን እንደ ሕመማቸው ክብደት የመለየት ሥራ) ላይ የቆመ ባለሙያ ታካሚን በመጣበት ተራ አያስተናግድም፤ ቶሎ ካልታየ የሚሞተውን ለይቶ ያስቀድማል፣ ሰሚ ካጣም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እርሳቸውም በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያጠቃ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርበው ዓለም በወረርሽኙ እየተሸነፈ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ከአገራችን ጭምር ባለሙያዎች ወደ ስፍራው ዘምተው ነበር፤ ሆኖም ከ11,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን ኦክቶበር 3 ቀን 2015 ነው። በዚያ ሌሊት የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን በአፍጋኒስታን ኩንዱዝ ከተማ የሚገኘውን የድርጅቱን ሆስፒታል፣ መገኛው አስቀድሞ ለተፋላሚዎቹ ተገልጾ ሳለ፣ ደብድቦ 42 ሰዎችን ገደለ፤ መነሣት ያልቻሉ ሕሙማን በአልጋቸው ላይ ተቃጠሉ። ዶክተር ሊዩ ከአሜሪካ በኩል በቀረበው ይቅርታ ብቻ ሳይወሰኑ ገለልተኛ ዓለም አቀፍ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ጦሩ ራሱን መርምሮ 16 ባልደረቦቹን በአስተዳደራዊ እርምጃ ቀጣ፤ በወንጀል የተከሰሰ ግን አልነበረም። በተከታዩ ዓመት የጸጥታው ምክር ቤት ለሕክምና ተቋማት ጥበቃ የሚሰጠውን ውሳኔ ቁጥር 2286 ባጸደቀበት ዕለት እርሳቸው «የጠላታችሁ ሐኪም ጠላታችሁ አይደለም» ብለው ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ሦስት የዚሁ ድርጅት ባልደረቦች የተገደሉ ሲሆን፣ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ድርጅቱ የራሱን ምርመራ ውጤት ይፋ ያደረገው ከአራት ዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የጤና ተቋም ወይም ባለሙያ በተጠቃ ቁጥር የሟቾችን ቁጥር ዘግቦ እንዳያልፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ምርመራውን ማን እንደያዘው፣ መርማሪው ከተጠርጣሪው ወገን ነፃ መሆኑን፣ ግኝቱም ለሟቾች ቤተሰቦች መድረሱን ወራት ካለፉ በኋላም ተመልሳችሁ ጠይቁልን።

ከአንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ
አዲስ አበባ