ምስክሩ በር ላይ ነበር፦ ለዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ የገቢ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች በእጄ ይገኛሉ፤ መልስ ግን አንድም አልደረሰኝም። አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ወንድሜ የተከሰሰው መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ይዞ አደባባይ በመውጣቱ ነው። በክሱ ውስጥ ድንጋይ ወረወረ ወይም ንብረት አጠፋ የሚል አንድ ቃል የለም፤ ጥፋት ተብሎ የቀረበው ሰልፉ አስቀድሞ አልተነገረም የሚለው ብቻ ነው። መንግሥታችን ያጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 21 በሰላም የመሰብሰብን መብት እንደሚያስከብር ያውቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው፣ የቃል ኪዳኑን አንቀጽ 21 በሚያብራራው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 37፣ ሰልፍን አለማሳወቅ ብቻውን ተሳታፊንም ሆነ አስተባባሪን ለማሰር ምክንያት እንደማይሆን ማስፈሩንም ያውቃሉ።

ይህን ዳኞች ይወስኑት ቢባል እንኳ፣ እንዲወስኑ ጉዳዩ መሰማት አለበት። ክሱ ከተመሠረተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ቃሉን የሰጠ ምስክር የለም። ባለፈው ቀጠሮ ጠዋት በፍርድ ቤቱ በር ላይ የእናታችንን ቦርሳ ከፍቶ የፈተሸው ፖሊስ፣ ወንድሜን በእጁ የያዘውና በእርስዎ የምስክሮች ዝርዝር ስሙ በመጀመሪያው ተራ ቁጥር የሠፈረው ሰው ነበር። እናቴ አውቃው ሰላም አለችው፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ችሎት የቆሙት ዐቃቤ ሕግ ምስክሩ ተፈልጎ እንዳልተገኘ ገልጸው ተጨማሪ ጊዜ ጠየቁ። ጠበቃችን ሰውየው ደጅ ቆሟል ብሎ ቢያስረዳም፣ መጥሪያ አልደረሰውም ተብሎ ጉዳዩ ለሦስት ወር ተቀጠረ። እናቴ ከአግዳሚው የተነሣችው ክንዴን ይዛ ነው።

ወንድሜ በየሰኞው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይፈርማል። ፓስፖርቱ ተይዟል። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ክስህ ሲያልቅ ተመለስ ብሎ አሰናብቶታል፤ ሠርጉንም ሁለት ጊዜ አራዝሟል፣ ምክንያቱም በዚያ ቀን የት እንደሚሆን ለእጮኛው ወላጆች ቃል መግባት አልቻለም። ቃል ኪዳኑ በአንቀጽ 14 ተከሳሽ ያለ አግባብ ሳይዘገይ እንዲዳኝ ያዛል፤ የወንድሜ ቅጣት ግን ጥፋተኛ ሳይባል ሁለት ዓመት ሙሉ ተፈጽሞበታል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክርዎን ያቅርቡ፤ የማያቀርቡ ከሆነ ክሱን ያንሡ። ለዚህ ደብዳቤ መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የተከሳሹ እህት